ውሻዬን ያዋልሁበት ግቢ

የበደለችኝ አበልጄ ናት። ጊዜው መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውሬ በጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ሁዳዴ ሊጋመስ ሲል ነው። ነገሩን ብዙ ሰው ሰምቷል፤ የሰማው ግን ከእሷ አፍ ነው። እኔ ተጠይቄ አላውቅም።

ውሻዋን ያመጣኋት ከቋሪት ነው። እናቴ ስታርፍ ወንድሞቼ መሬቱንና ከብቱን ተካፈሉ። ውሻዋን የፈለገ አልነበረም፤ አርጅታለች አሉ። የእናቴን ደጅ ክረምት ከበጋ ስትጠብቅ የኖረች ናት። ለእኔ ስጡኝ ስል ሳቁ። ታላቅ ወንድሜ፣ «ቢሮሽን ልታስጠብቂያት ነው?» አለኝ። በጭነት መኪና ይዣት መጣሁ። ስም ያወጣችላት እናቴ ናት፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ፍኖተ ሰላም የምኖረው በአንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። እኔ ካለሁ ውሻዋ ድምፅዋ አይሰማም። ጠዋት ቢሮ ስሄድ ግን አንገቷን ወደ ሰማይ አንጋጣ ታላዝናለች። ውሻ ሲያላዝን እኛ አገር የሚባለው የታወቀ ነው፤ ከዚያ ግቢ ሰው ይሞታል። ባለቤቱ ደግሞ የታመሙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ የምሞትበትን ቀን እግዜር ይወቀው ብዬ ተቀምጫለሁ። ውሻሽ ግን ቀድማ ልታውጅብኝ ነው።»

«ብቸኝነት ነው አባባ። አገሯን ለቃ መጥታ ነው እንጂ፣ እርስዎን ምን አድርጋ!»

«እኔስ ብቻዬን አይደለሁ? ስጮህ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ? ወይ ቀን የምትውልበት ፈልጊላት፣ ወይ ቤቴን ልቀቂልኝ።»

አልተቀየምኋቸውም። ፈርተው ነው፤ የፈራ ሰው ያለውን ቢል አይፈረድበትም።

ፍለጋ ጀመርሁ። መጀመሪያ ያነጋገርሁት የቢሯችንን ዘበኛ ነው፤ የድሮ ወታደር ነው፤ ሰው «አያ» እያለ የሚጠራው።

«አጥሩ ጥግ ከባሕር ዛፉ ሥር ትዋል» አለኝ። «እኔም የማወጋው ሰው አገኛለሁ።»

«ሰው?»

«ከአለቆችሽ ትሻላለች፣ እታለም። ሲያናግሯት ትሰማለች።»

ቦታውን ሄጄ አየሁት። ጥላ አለው፤ ቧንቧው ቅርብ ነው፤ ከመስኮቴ ቀና ስል ትታየኛለች። ልቤ እዚያው አደረ። በማግስቱ ላመጣት ተነጋግረን ተለያየን።

ይህን ማን እንደነገራት አላውቅም፤ አበልጄ ሳታድር መጣች። የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ያነሣሁላት እኔ ነኝ። ጠላ እየሸጠች የምትኖር፣ ሰፊ ግቢ ያላት፣ ጾምና ጸሎት የማያመልጣት ሴት ነበረች። ገና ከበሩ ጀምራ ትናገራለች።

«እኔ አበልጅሽ እያለሁ ለወታደር ትሰጫለሽ? ሰው ምን ይለኛል? ግቢዬ ጠበበ ወይስ እኔ ከፋሁ?»

«ቢሮው ስለሚቀርበኝ ነው።»

«ተይ፣ ተይ! እኔ ልጄን አምኜሻለሁ። አንቺ ውሻ አታምኚኝም?»

የሥጋ ዘመድ ይቀየማል፣ ኋላም ይታረቃል፤ በአበልጅ መካከል ያለው ግን ክርስትና ነው ተብለን ነው ያደግነው። ዘበኛውን ይቅርታ ጠየቅሁት። «ይሁን፣ አበልጅ ከመጣች እኔ ምን አቅም አለኝ» ብሎ ሳቀ። ውሻዋን ወስጄ ለእሷ ሳስረክብ የለመንኋት አንድ ነገር ነበር፤ ከገመድ እንዳትፈታት።

እውነቱ ይነገር፤ መጀመሪያው መልካም ነበር። ጠዋት አደርሳታለሁ፣ ከሥራ ስወጣ እወስዳታለሁ። ከጠላ ቤት ፍርፋሪ አይጠፋምና ሰውነቷ ተመለሰ። ማላዘኗን ተወች። ሽማግሌውም እንቅልፍ አገኘሁ አሉ።

ሁዳዴ ገብቶ ሲሰነባብት አንድ ያበደ ውሻ በከተማው ሰው ነከሰ። በመኪና ላይ በድምፅ ማጉያ፣ ለባዘነ ውሻ መርዝ ሊጣል ነውና ውሻ ያለው ሰው ይሰር ተብሎ ተለፈፈ። መኪናው በአበልጄ በር ነው ያለፈው። ማታ ልወስዳት ስሄድ ቀድማ የነገረችኝም እሷ ናት።

«ሰማሽ አይደል? የእኛዋ የታሰረች ናት፤ ሐሳብ አይግባሽ» አለችኝ።

ሐሳብ አልገባኝም።

በዚያው ሳምንት የማኅበሯ ተራ ደረሰ። ጽዋው ከእሷ ቤት ሊጠጣ፣ ቄሱ መጥተው ሊባርኩ፣ ሴቶቹ ሊሰበሰቡ ነው። ጠዋት ውሻዋን ሳደርስ ግቢው ተጠርጎ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ነበር። «ዛሬ ይዣት ልመለስ?» ብላት፣ «ምን ሲደረግ! ከጓሮ አስራታለሁ» አለች። ቢሮ ገባሁ።

ቀትር ሲያልፍ ዘበኛው መስኮቴን አንኳኳ። «እታለም፣ ውጪ» አለኝ፤ ተከትዬው ወጣሁ። ውሻዋ ከዋናው መንገድ ዳር ከቦዩ ውስጥ ወድቃ ትንቀጠቀጣለች። ሥጋ ከቀመሰች ሰንብታለች፤ የተጣለውን አግኝታ በልታለች። ወተት ይሻላታል ተባለና ፍለጋ ሮጥሁ። በሁዳዴ ወተት ለቅቤ ይጠራቀማል እንጂ ማን ይሰጣል? ከብዙ ልመና በኋላ አንዲት ሴትዮ በጣሳ ቀዳችልኝ። ይዤ ስመለስ ዘበኛው ካፖርቱን አልብሷት ቆሟል። ወተቱ አላስፈለገም።

ከዚያ ወደ አበልጄ ሄድሁ። ማኅበርተኞቹ አልተነሡም። እሷን ማንቆርቆሪያ ይዛ ከደጃፉ አገኘኋት።

«ውሻዬስ?» አልሁ፤ ከአፏ ልስማው ብዬ።

«ቄሱ ሊደርሱ ሲሉ ፈትቼ አስወጣኋት። ጽዋ ባለበት ግቢ ውሻ ይቆማል እንዴ፣ አበልጄ?»

«ከጓሮ አስራታለሁ አላልሽም?»

«ጓሮውም ግቢ ነው። ሳስበው ፈራሁ።»

«መርዙንስ?»

«ቤቷ ትገባለች ብዬ ነዋ! ምነው፣ ምን ሆነች?»

ነገርኋት። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «እንግዲህ ውሻ ናት፤ ምን ይደረጋል። ግቢ፣ ከጽዋው ቅመሺ» አለች። ከውስጥ አንዷ ማኅበርተኛ፣ «ደግሞ በጾም ለውሻ ይለቀሳል?» ስትል ሌሎቹ ሳቁ። አበልጄ አልሳቀችም፤ ይህን እመሰክርላታለሁ። ዝም በሉ ግን አላለቻቸውም።

ቄሱን ኋላ መንገድ ላይ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። «ከጓሮ ብትታሰር እኔን ምን ቸገረኝ? ማንም አልጠየቀኝም» አሉኝ። ይህንንም ለማንም ሳልናገር ያዝሁት።

በፋሲካ ዋዜማ፣ በቀዳም ስዑር፣ አበልጄ ለክርስትና እናት የሚወሰደውን የበዓል ስጦታ፣ አክፋይ ይዛ መጣች። የክርስትና ልጄ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መሶቡን ተሸክማለች። አበልጄ ከበሩ ላይ ቆማ፣ «ለበዓል ቂም አይያዝም፤ ልጅሽ ናት የመጣችው» አለች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። እኔም ግንባሯን ሳምኋት። መሶቡን ሳልከፍተው በእናቷ እጅ መለስሁት።

«አክፋይ ትመልሻለሽ?» አለችኝ። ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

«እመልሳለሁ» አልኋት።

ክረምት ሲገባ ዝውውር ጠይቄ ቡሬ ተመለስሁ። ከዓመታት በኋላ ልጅቷ ስትዳር ሽማግሌ ልከው ጠሩኝ። አልሄድሁም።