ለአጥቂ ዋስ ሆንኩ

ዛሬ ጠዋት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሞላ "ይሄ ክለብ አይደለም፤ ዝውውር የለንም" ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጌታሁን ብቻ አልሳቀም።

ጌታሁን የጎረቤቴ ልጅ ነው። የእግር ኳስ አጥቂ ሆኖ ከድሬዳዋ እስከ አርባ ምንጭ በስምንት ክለብ ተጫውቷል። አሁን እናቱ ታመዋል፤ በሟች አባቱ ቦታ እድር ሲገባ ማየት ይፈልጋሉ። ለዚህ ነው ወደ ከተማችን መካነ ሰላም የመጣው።

"ቀብር ከቀረህ ትሰረዛለህ" አሉት ጋሽ ሞላ።

"አልቀርም ጋሼ። ኳስ በቅቶኛል።"

ይህን ሲል ከአግዳሚው ሥር ጠጠር በእግሩ ያንከባልል ነበር።

"ዋስህ ማነው?"

ዞሮ እኔን አየኝ። እህል ስነግድ ስኖር ለወንድሜም ዋስ ሆኜ አላውቅም። እናቱን አሰብኩና እጄን አወጣሁ።

ተመዝግቦ ስንወጣ ስልኩ ጠራ። "ለአንድ ዓመት ብቻ?" ሲል ሰማሁት።

"ማነው?" አልኩት።

"አሰልጣኝ ነው። አስብበታለሁ አልኩት" አለኝ፤ ዓይኔን ሳያይ።

ይኸው ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው። እሱ ከሄደ በየቀብሩ በእሱ ፈንታ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ይህን እችላለሁ። የማልችለው እናቱ "ልጄ የት ሄደ?" ሲሉኝ መመለስ ነው።

መቀመጥ ለማይሆንለት ሰው ዋስ የሆናችሁ፣ እናንተስ ምን ገጠማችሁ?