አዴ ነጂባን ማን አቀፋቸው?

ሰፈሩ እንደ እናት አክብሮ "አዴ" የሚላቸው ነጂባ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በጁገል ግንብ ውስጥ ባለች የቀበሌ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሽንኩርት ሲሸጡ ቀልድ ይወዳሉ፤ በክብራቸው ግን ቀልድ አያውቁም። አማርኛ የለመዱት ገበያ ውስጥ ስለሆነ የቢሮውን አማርኛ ብዙም አልሰሙትም።

አንድ ጠዋት የቀበሌው ሠራተኛ ኒቆዲሞስ በራቸው ላይ ቆመና፣ "እንኳን ደስ አለዎት፣ አዴ! በተጋላጭነትዎ ምክንያት በዘንድሮው የቤት እድሳት ታቅፈዋል" አላቸው።

አዴ ነጂባ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ። "አስተግፊሩላህ! እኔ ተጋልጬ ማን አየኝ? ደግሞስ ማን ነው ያቀፈኝ?"

ጎረቤታቸው ጽጌሬዳ ሳቋ አምልጧት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ኒቆዲሞስ የሚገባበት ጠፋው።

"እንደሱ ማለቴ አይደለም፤ ተጋላጭ ማለት... ያው አቅመ ደካማ ማለት ነው።"

"ደካማ? ያንን ሁሉ ጆንያ ሽንኩርት ከመኪና ማን የሚያወርደው መሰለህ?"

ኒቆዲሞስ ላቡን ጠረገና ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። "አዴ፣ ጣሪያዎ ያፈሳል። ክረምቱ ሳይገባ በነፃ እንሥራልዎት?"

"እንዲህ በለኝ እንጂ፣ ልጄ! ምን ያንከራትትሃል?" አሉና ሻይ አቀረቡለት።

ሻዩን ጠጥቶ ሲነሳ አዴ ነጂባም ጫማቸውን አደረጉ። ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ሽማግሌው ሀሚድ ቤት እንደሆነ ሰምተዋል። ደጃፉ ጋ ሲደርሱ ኒቆዲሞስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሳቸው ግን ቀደሙት።

"ሀሚድ! ቤትህን ሊያድሱልህ ነው፤ ውጣና እሺ በል!"

ሽማግሌው ገና ሳይወጡ ከውስጥ፣ "እሺ!" አሉ።