የጣሊያናዊቷ ብረትና የእናቴ ቅቤ

ሬክስዴል በሚባል የውጭ አገር ሰፈር ሳለን ጣሊያናዊቷ አሮጊት ጎረቤቴ ፒዜሌ የሚባለውን ስስ ብስኩት የሚጋግሩበትን ባለ አበባ ብረት አዋሱኝ። «መጀመሪያ የጋገርከውን እቀምሳለሁ። ካበላሸኸው ብረቴን እወስዳለሁ» አሉኝ። እኔ ግን ብስኩቱን ሱቄ ውስጥ ከሻይ ጋር ልሸጠው አስቤ ስለነበር ብረቱን የመመለስ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሊጡን ሳቦካ የሱቅ ቅቤ አለቀብኝና እናቴ የላከችልኝን ኮረሪማ የገባበት ንጥር ቅቤ ጨመርኩ። ቤቱ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ሸተተ።

«ይኼን ለጣሊያን ልታቀምስ? በል ብረቱን ተሰናበተው» አለች ሚስቴ።

አሮጊቷ አንዱን ቆርሰው ቀመሱ። ከዚያ ሌላ አነሱ።

«ምን ጨመርክበት?»

«የቤተሰብ ምስጢር ነው፣ እማማ።»

«ምስጢሩ ቅቤው ላይ ነው፤ ከሱ አምጣልኝ።»

«ብረቱ እኔ ጋ ከቆየ።»

እያጉረመረሙ ባዶ ብልቃጥ ሰጡኝ። ብረቱ እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው። እሳቸውም በቅቤው ስለሚጋግሩት ኬክ ጣዕም ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው «የአያቴ ሙያ ነው» ይላሉ አሉ።