አራስ ጠያቂዋ

ላቦራቶሪያችን ውስጥ አይጦቹን የሚመግቡትን እናት «አራስ ጠያቂ» የምንላቸው ወደን አይደለም። አንዷ አይጥ ወለደች ከተባለ እሳቸውን የሚያቆማቸው የለም። የሳጥኑን ክዳን ከፈት አድርገው «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፣ እናቴ» ይሏታል። ሱፍ ይጨምሩላታል፣ ውሃዋን ይቀይራሉ፣ የተኛችበትን ጥጥ ያስተካክላሉ። ሌላው ይስቅባቸዋል፤ እኔ ግን ነፍሴ እስኪወጣ እወዳቸዋለሁ።

አንድ ሰሞን ጭንቅላቷ ላይ ቀጫጭን ሽቦ የተገጠመላት አይጥ ወለደች። የእኔ ሥራ ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ነው፤ አንጎሏ መቼ እንደነቃ፣ መቼ እንደተኛ። ልጆቿ ጡቷ ላይ ተጣብቀው ይውላሉ፣ ሲመዘኑ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። አለቃችን ትዕግሥታቸው አለቀና «በሚቀጥለው ሚዛን ካልጨመሩ ይወገዳሉ» አሉ። መወገድ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አራስ ጠያቂ ያን ቀን ምሳ አልቀመሱም። ክዳኑን ብቻ ደጋግመው ከፈቱ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ዝግ ያለው የእንቅልፍ ሞገድ ይቆረጣል። አይጥ ደግሞ እንደ ሰው አይደለችም፤ ከባድ እንቅልፍ ካልወሰዳት ወተቷ አይወርድም። ልጆቿ የሚለፉት በከንቱ ነበር። እንዴት እንደምነግራቸው ጨነቀኝ፣ ግን ነገርኳቸው።

«ወድጄ አስራብኳቸው ነው የምትለኝ?»

«ወደው ሳይሆን ወደዋት ነው፣ እማማ። እንቅልፍ ነሥተዋታል።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ወንበራቸውን አንሥተው ከበሩ ውጭ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማን ይለፍ? የጽዳት ሠራተኛዋ ከነባልዲዋ ተመለሰች። አለቃችን እንኳ «ዶክተር፣ ጫማዎ ይጮኻል፤ ወይ ያውልቁት ወይ ይመለሱ» ተባሉ። አወለቁ። አለቃ በካልሲ ሲሄድ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ስክሪኑ ላይ ሞገዱ ረጋ፣ ሰፋ። ጥቂት ቆይቶ ልጆቿ ሁሉም ባንዴ ተንጠራሩ። ወተቱ ወረደ ማለት ነው፤ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

በማግሥቱ ሲመዘኑ ጨምረዋል። አለቃችን ሚዛኑን ደግመው አዩና «ይቆዩ» ብለው ወጡ። እየሮጥኩ ሄጄ ለአራስ ጠያቂ ነገርኳቸው።

«እሷስ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ልጆቿን ስንመልስላት መልሳ ተኛች። አሁን ይግቡና ይዩዋት።»

ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እጃቸው በሩን ነካ አደረገና ተመለሰ።

«ተወኝ» አሉ፣ እንባ ባቀረሩ ዓይኖች፣ መልሰው እየተቀመጡ፤ «ትተኛ።»