ወለል የሌለው መደርደሪያ

የሺሐረግ በሥራዋ የምትሸማቀቅ ሴት አይደለችም። አቃቂ ገበያ ዳር ማዳበሪያ ዘርግታ፣ ገለባ ጎዝጉዛ፣ ድስትና ጀበና ስትሸጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከእሷ የገዛ ሰው ዘመዱን ይዞ ሲመለስ እንጂ ተሰነጠቀብኝ ብሎ ሲመጣ ያየ የለም። ሸክላ መሥራቱን ከእናቷ ተቀበለች። ባሏ ነቢዩ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠራ ደመወዙ ያልደረሰበትን ሁሉ እሷ በጭቃ ደረሰችበት፤ ሁለት ልጆችም አስተማረች። አንድ ነገር ብቻ ያንገበግባታል። መሬት ላይ የተዘረጋ ዕቃ ሰው ጎንበስ ብሎ አያነሳውም፤ ቆሞ በጫማው ጫፍ ገፋ ያደርግና "ይቺስ ስንት ናት?" ይላል። እሷ በሁለት እጇ አቅፋ ያሳደገችውን ድስት በጫማ!

ስለዚህ መሀል ከተማ በሚካሄድ የእጅ ሥራ ባዛር ላይ እንድትሳተፍ መመረጧን የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርሳት ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ደብዳቤው ግን መጨረሻው ላይ እሾህ ነበረው። ተሳታፊዎች ተንቀሳቃሽ መደርደሪያ ይዘው ይቅረቡ፣ መሬት ላይ ዘርግቶ መሸጥ ክልክል ነው፣ ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መደርደሪያውን አቁሞ ያልተገኘ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ይላል። ቀኑ ሰኞ ነበር። ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች መደርደሪያ ከሰማይ የሚዘንብ ይመስላቸዋል።

"አራት ቀን ለመደርደሪያ ምን አነሰው?" አለች ለነቢዩ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው ሻፊ ሱቅ ነው። ሻፊ ከስልጤ መጥቶ አቃቂ ላይ የቤት ዕቃ ሱቅ የከፈተ፣ ከዕቃው ይልቅ ምላሱ የሚሸጥለት ጎልማሳ ነው።

"እትዬ የሺ፣ ለእርስዎ የሚሆነውን እኔ አውቃለሁ" ብሎ አንድ ነጭ የፕላስቲክ መደርደሪያ አወጣና ያለ ምንም ብሎን ቀጭ ቀጭ አድርጎ አቆመው። "የውበት ሳሎኑ ሁሉ ይሄንን ነው የሚወስደው። ሲታጠፍ ብብት ውስጥ ይገባል።"

"ብብት ውስጥ የሚገባ ነገር የእኔን ድስት ይሸከማል?"

"ይውሰዱና ይሞክሩት። ካልሆነ ይመልሱልኛል።"

ወሰደችው። ግቢዋ ውስጥ አቁማ የመጀመሪያውን ድስት ስታስቀምጥበት ድስቱ ዞር አለና ሊወርድ ሲል በጉልበቷ ያዘችው። ነገሩ ወዲያው ገባት። የእኛ ሸክላ መቀመጫው ድቡልቡል ነው፤ ጉልቻ ላይ እንዲያርፍና እሳቱ ዙሪያውን እንዲያቅፈው ታስቦ የተሠራ ነው። ገለባ ላይ ሲቀመጥ ገለባው ራሱ ያቅፈዋል። የሺሐረግ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ገለባ ላይ ስታስቀምጥ ኖራ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ምን እንደሚሆን አስባው አታውቅም። አሁን በራሷ ሳቀች።

ከጨርቅ እንደ ቀለበት የተጠመጠሙ ማቶቶች አምጥታ በየድስቱ ሥር አደረገች። ስድስት ድስት እንደተደረደረ የፕላስቲኩ ሆድ ወደ ታች ጎበጠ፤ ድስቶቹም ምክር እንደያዙ ሁሉ ወደ መሀል ተሰበሰቡ። ሁለቱ ወደቁ፤ ድምፃቸው ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

"እኔ አልሰበርኳቸውም" አለች የተሰበሰበውን ጎረቤት ገላመጥ አድርጋ። "መደርደሪያው ነው የገደላቸው።"

ማክሰኞ ጠዋት መደርደሪያውን ለሻፊ መለሰችና ከዚያው ወደ ፍቅሩ ብየዳ ቤት አቀናች። ፍቅሩ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ጥርሱን የነቀለ፣ አሁን ግን የራሱን ቤት ከፍቶ የአቃቂን በርና መስኮት ግማሹን የሠራ በያጅ ነው። እኩያሞች ናቸው፤ ሲገናኙ ካልተነካከሱ አይሆንላቸውም። ደብዳቤውን ቃል በቃል አነበበችለት። "ተንቀሳቃሽ" የምትለው ላይ ስትደርስ ፍቅሩ ራሱን ነቀነቀ።

"ገብቶኛል። ሐሙስ ነይ።"

ሐሙስ ጠዋት አንድ ድስት ታቅፋ ሄደች፤ ካሁን በኋላ ሳትለካ የምትመርጠው ነገር የለም። በሩ ጋ ስትደርስ ቆማ ቀረች። ከእሷ ቁመት የሚበልጥ የብረት መደርደሪያ በአራት ጎማ ላይ ቆሟል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ተንቀሳቃሽ መደርደሪያ ነዋ!" ፍቅሩ በአንድ ጣቱ ገፋው። መደርደሪያው ተንከባሎ ሄዶ የአጥሩን ቆርቆሮ መታ። "አየሽ? ይንቀሳቀሳል።"

"ፍቅሩ! ሸክላ እኮ ነው የምሸጠው! አንድ ሰው አጠገቡ ቢያስነጥስ ድስቴ ቦሌ ሊደርስ ነው! ተንቀሳቃሽ ማለት ሰው ይዞት የሚንቀሳቀሰው ነው እንጂ ራሱ የሚሄድ ነው እንዴ?"

"ታዲያ እንደዚያ ብለው አይጽፉም?"

"አንተስ አትጠይቅም?"

በሁለት እጇ ካልሆነ ቁጣዋ አይወጣላትም፤ የታቀፈችውን ድስት የምታሳርፍበት ፈለገች። የመደርደሪያው የታችኛው ደርብ ገና ላሜራ አልለበሰም፤ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት የቱቦላሬ ብረቶች ብቻ ናቸው። ድስቱን እነሱ መሀል ጣል አድርጋ ልትቀጥል አፏን ከፈተች። ግን አልቀጠለችም። ድስቱን አየችው። ቁጭ ብሏል። ገፋችው፤ ተመልሶ ቁጭ አለ። መቀመጫው በሁለቱ ብረቶች መሀል ወደ ታች ገብቶ፣ ጎንና ጎኑ ተደግፎ፣ ጉልቻ ላይ የተጣደ ይመስላል።

"ላሜራውን ሁሉ አንሳው" አለች።

"ምን?"

"ላሜራውን አንሳ፣ ጎማውን ንቀል፣ ይሄንን ቁመት ቁረጠው። በሁለት እግር እንደ መሰላል ተከፍቶ የሚቆም፣ ሲታጠፍ ሚኒባስ ላይ የሚጫን አድርገው። በየደርቡ ሁለት ብረት ብቻ።"

"ወለል የሌለው መደርደሪያ? ሰው ፍቅሩ ብረት አለቀበት ይለኛል!"

"ሰውን ለእኔ ተወው።"

ቀኑን ሙሉ አብራው ዋለች። እሱ በሜትር፣ እሷ በስንዝር ለኩ፤ ለድስቱ ስንዝር ከሁለት ጣት፣ ለጀበናው ጠበብ ተደረገ። ብረቱ ሸክላውን እንዳይፍቀው ያረጀ የባጃጅ ጎማ ላስቲክ ቆርጣ ጠመጠመችበት። አመሻሽ ላይ ፍቅሩ አጠፈውና በአንድ እጁ አነሳው፤ ደግሞ ዘረጋው፣ ደግሞ አጠፈው። እንደወደደው ታወቀበት።

ዓርብ ማለዳ መደርደሪያው ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ታስሮ፣ ሸክላው በገለባ ተጠቅልሎ ገባ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ባዛሩ ቦታ ላይ አቆመችው። ግራና ቀኟ ያሉት መስታወትና የተቀባ እንጨት ነው ያቆሙት። ሰልዋ የምትባል ወጣት አስተባባሪ ወረቀቷን ይዛ መጣችና ብረቱን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"እትዬ፣ ወለሉ የታለ?"

"ወለል የለውም።"

"ያላለቀ መደርደሪያ እንዳላስገባ ታዝዣለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ተጠባባቂዎቹ በር ላይ ቆመዋል።"

ለየሺሐረግ ይህ ወደዚያ ማዳበሪያ መመለስ ማለት ነው፤ ወደዚያ የጫማ ጫፍ። "ሁለት ደቂቃ ቁሚልኝ፣ ልጄ" አለችና ሸክላውን መፍታት ጀመረች። ጀበናውን ከላይ፣ ድስቱን ከታች እያደረገች አራቱንም ደርብ ሞላችው።

"በይ ነቅንቂው።"

ሰልዋ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው።

"እንደሱ አይደለም። እንደተናደደ ሰው!"

ልጅቷ በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው። ሸክላው ሁሉ ወዝወዝ ብሎ ተመልሶ ቁጭ አለ። ደግማ ነቀነቀችው፤ ያው ነው። ከዚያ ፈገግ ብላ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገችና ወደሚቀጥለው ሄደች።

አራት ሰዓት ላይ መነጽር ያደረገች አንዲት ሴት መጣች። ጎንበስ አለችና በሁለቱ ብረቶች መሀል የድስቶቹን መቀመጫ ከሥር ታይ ጀመር። ሸክላ ሲሠራ ከአፉ ተጀምሮ በመቀመጫው ነው የሚያልቀው። የመጨረሻዋን ቀዳዳ የሺሐረግ በአውራ ጣቷ ተጭና ትዘጋታለች፤ ሌላው ገላው በጠጠር ሲለሰልስ ያቺን ስርጉድ ትተዋታለች፤ እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጦ ለሚሸጥ ሸክላ ግን ማን ሥሩን ያያል?

"ይሄ ስርጉድ ምንድን ነው? ሁሉም ላይ አለ" አለች ሴትየዋ።

"የጣት ምልክት ነው።"

"የማን ጣት?"

ዋጋ የጠየቃት ሰው ቁጥር ስፍር የለውም፤ ይህን የጠየቃት ግን ማንም አልነበረም። ቀኝ አውራ ጣቷን ቀጥ አድርጋ አሳየቻትና "የዚህ" አለች።

"እስቲ!" ሴትየዋ ድስቱን አንስታ ገለበጠችላት።

የሺሐረግ ጣቷን ስርጉዱ ላይ አደረገች። አልገባም። "ሸክላ ሲተኮስ ይጠባል" አለች እየሳቀች። "የእኔ ጣት ደግሞ አይጠብም።"

ሴትየዋ የራሷን ቀጭን አውራ ጣት ሞከረች። ልክክ አለ።

"እንግዲያው ይሄ የእኔ ነው" አለችና ድስቱን አቅፋ ቦርሳዋን ከፈተች።