ከመስኮቱ የወረደው ሸምበቆ

ባለፈው ሳምንት፣ ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ በተከራየኋት የማስተማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ሰሚር የሚባለው ተማሪዬ ከክላርኔቱ ላይ ሪዷን ነቅሎ ቅርጫት ውስጥ ጣላት። "ምን ሆነች?" ብዬ ብጠይቀው "ሰለቸችኝ፣ ሌላ አለኝ" አለና አዲስ ካርቶን ከቦርሳው አወጣ። ለማያውቅ ሰው፣ ሪድ ማለት ክላርኔት አፍ ላይ የምትታሰር፣ ከሸምበቆ የተላገች ቀጭን ምላስ ናት። ድምፁ የሚወለደው እሷ ስትንቀጠቀጥ ነው፤ እሷ ከሌለች ክላርኔት ከበር መቀርቀሪያ አይሻልም። ልጁን አልተቆጣሁትም። አባቱ ወረታ ላይ ነጋዴ ናቸው፤ ለልጃቸው ሳይሰስቱ ያስመጡለታል። እኔ ግን እሱ ሲወጣ ጠብቄ ጎንበስ አልሁና ሪዷን ከቅርጫቱ አነሣኋት።

እኔ ክላርኔት በጀመርሁበት ዘመን በመላ ባሕር ዳር የማውቃቸው ሪዶች ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ ጠርዛቸው የተሸረፈ ነው። ሦስቱም የጋሽ ስንሻው ናቸው። ጋሽ ስንሻው በአንድ ጦር ክፍል ማርሽ ባንድ ሠላሳ ዓመት ክላርኔት ነፍተው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ አባቴ ከደሴ መጥቶ በተቀጠረበት ፋብሪካ ንብረት ክፍል ይሠሩ ነበር። ከመጋዘኑ ጥግ ባለቤት ያጣች አሮጌ ክላርኔት አግኝተው ጠገኗት፤ ከሠራተኛው ልጆች መካከል ደግሞ እኔን መረጡ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ጥርስሽ ቀጥ ያለ ነው" አሉኝ። ስለ ተሰጥኦዬ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

ትምህርታችን ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ነበር። "አንድ ድምፅ ያዢ፤ ያቺ ታንኳ ከዛፉ እስክታልፍ እንዳትለቂ" ይሉኛል። የታንኳዋ ባለቤት ደግሞ ዓሣ አጥማጅ እንጂ መንገደኛ አይደለም፤ መረቡን ሊያይ ይቆማል። እኔ ፊቴ በርበሬ መስሎ እጠብቀዋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ከቆየን በኋላ አዲስ አበባ ለሚገኝ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ተመዘገብሁ። አባቴ "ካለፈች ትሂድ፤ ከወደቀች ፋብሪካው ታይፒስት ይፈልጋል" ብሎ ነገሩን ቆርጦታል። ሁለተኛ ዕድል አልነበረኝም።

ጋሽ ስንሻው በጥብቅ የከለከሉኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰርግ ላይ መጫወት። "ከንፈር ያበላሻል፤ ሥርዓትም ያስረሳል" ይሉ ነበር።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ግንቦት ውስጥ፣ የክፍሌ ልጅ ዘርፌ ሐሙሲት ላይ ተዳረች። ለእናቴ "ሰርግ እሄዳለሁ" አልኋት፤ እውነት ነው። ክላርኔቷን በነጠላ ጠቅልዬ መያዜን ግን ለማንም አልተናገርሁም። አውቶቡሱ በማንጎ ሽታ ታፍኗል፤ አቧራው በመስኮት እየገባ ቅንድባችንን አሽብቶታል። ዳሱ ውስጥ የዳጉሳ ጠላ እየተቀዳ፣ ማሲንቆው እየጮኸ አገኘሁት። ትንሽ ታገሥሁ፣ ከዚያ ነጠላዬን ፈታሁና ከማሲንቆው ኋላ ኋላ እየተከተልሁ መንፋት ጀመርሁ። መጀመሪያ ሰው ግራ ገባው። ሁለተኛው ዙር ላይ ዳሱ በሙሉ ተነሣ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ደስታዬ ግን ዕድሜው አጭር ነበር። አንዱ ሚዜ እስክስታው ውስጥ ጠልቆ ሲመጣ በትከሻው ክላርኔቷን መታት። አፌ ላይ ቀጭ ስትል ተሰማኝ፤ ደህነኛዋ ሪድ ከጫፏ እስከ ወገቧ ተሰንጥቃለች።

በማግስቱ ለጋሽ ስንሻው "ቤት ስለማመድ ተሰነጠቀች" አልኋቸው። ሪዷን መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረዥም ጊዜ አዩዋት።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "አርጅታ ነበር፤ እያየሁ ዝም አልሁ።"

ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን በየቀኑ ይከብድ ጀመር። የቀሩት ሁለቱ ጠርዘ-ሸራፋዎች ለፈተና አይሆኑም፤ ሪድ የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ ከአዲስ አበባ እናስመጣ ብንል አምጪ የለም። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ወርደን ሸምበቆ ቆረጥን፣ ላግነው፣ አሰርነው። ስነፋው የዳክዬ ድምፅ አወጣ። "ውሃ የጠጣ ነው። ይህ ሁለት ዓመት ፀሐይ ይፈልጋል" አሉ። የቀረን አሥራ አንድ ቀን ነበር።

ወደ ቤታቸው ስንገባ ጋሽ ስንሻው ደጃፉ ላይ ቆሙና መስኮቱን አዩ። የመጋረጃው ማንጠልጠያ ሸምበቆ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ስንት ዓመቱ! ወንበር ላይ ወጥተው አወረዱት። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ምስር እየለቀሙ ነበር።

"አንቱ ሰውዬ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ክላርኔት ይሆናል።"

"እሰይ! ጣራውንስ መቼ ነው የሚያወርዱት? ጎረቤት ሁሉ ገብቶ ይየን!"

"የኔ ጥፋት ነው አልሁሽ እኮ። የልጅቱን ሪድ ያስሰበርሁ እኔ ነኝ።"

ሦስት ቀን ሙሉ በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ስንፍቅ ዋልን። ስትወፍር ትንፋሽ አታሳልፍም፤ ስትሳሳ ደግሞ ታፏጫለች፣ የተፋቀ ደግሞ ተመልሶ አይለጠፍም። አምስት አበላሸን። እትዬ የሺ መጋረጃቸውን በምስማር ወጥረው፣ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ፤ ጋሽ ስንሻውም በየጊዜው "የኔ ጥፋት ነው" ይላሉ። በሦስተኛው ቀን ይህንን ሲደግሙት አቃተኝ።

"ጋሽ ስንሻው፣ ቤት አይደለም የተሰበረችው። ሐሙሲት፣ ሰርግ ላይ ነው። ደብቄዎት ሄጄ ነበር።"

ምላጩ ቆመ። ክላርኔቷን ቀምተው ወደ መጋዘን የሚመልሷት መሰለኝ።

"ጨፈሩ?" አሉኝ ጋሽ ስንሻው።

"እነማን?"

"ሰዎቹ። ስትነፊ ጨፈሩ ወይ?"

"ኧረ ጨፈሩ። የሰበራትም አንዱ ሚዜ ነው፣ በትከሻው።"

ቀና ብለው አላዩኝም። "እኔ ሠላሳ ዓመት ነፋሁ" አሉ። "ባንዲራ ሲወጣ፣ ሹም ሲመጣ፣ መኮንን ሲቀበር። ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሰማኝ። አንድ ሰው እንኳ ጨፍሮልኝ አያውቅም።" ከዚያ ምላጩንና ስድስተኛዋን ሪድ ሰጡኝ። "ይችን አንቺው ጨርሻት፤ አፍሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ደግሞ ሌላ ጊዜ አትዋሺኝ።"

ያቺ ሪድ ዘፈነች። ፈተናውንም በሷ አለፍሁ። አንዱ ፈታኝ ከየት እንደገዛኋት ሲጠይቀኝ "ከእትዬ የሺ መስኮት" ስለው ሦስቱም ፈታኞች ተያዩ፤ ግን አሳለፉኝ። ቀን ክላሲካል እየተማርሁ፣ ማታ ደግሞ ጃዝ ከሚጫወቱ ጓደኞቼ ጋር እየተለማመድሁ አንደኛው ዓመት አለቀ።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ወደ ባሕር ዳር ተመልሼ በቀጥታ ቤታቸው ሄድሁ። ዓሣ ተጠብሶ ጠበቀኝ። ከበላን በኋላ ጋሽ ስንሻው ኮታቸውን ቆልፈው "እስቲ የተማርሽውን አሰሚን" አሉ። አስተማሪዬ ያስጠኑኝን ረዥም ሥራ ይዤ መጥቼ ነበር። ክላርኔቷን አፌ ላይ ሳደርግ ግን ሐሳቤን ለወጥሁና የዘርፌን ሰርግ ዘፈን ጀመርሁ። እትዬ የሺ እልል አሉ። ጋሽ ስንሻው ከልማድ የተነሣ ተነሥተው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እጃቸው ሱሪያቸው ስፌት ላይ ነበር። ጥቂት እንዲያው ቆዩ። ከዚያ ቀኝ ትከሻቸው ነቅነቅ አለ፤ ግራውም ተከተለ። እውነቱን ለመናገር ጭፈራቸው የሚያምር አልነበረም። እንባዬ እየወረደ ነበር፤ ካቆምሁ እሳቸውም ያቆማሉ ብዬ ትንፋሼ እስኪያልቅ ነፋሁ።

ጋሽ ስንሻው ካረፉ ብዙ ዓመታቸው ነው። እኔም በትልልቅ አዳራሾችና በሆቴሎች ተጫውቼ፣ ብዙ ተጨብጭቦልኝ፣ አሁን ተራዬ ደርሶ ሌሎችን አስተምራለሁ። ተማሪ እያለሁ መምህር የሚባለው ሰው ሁሉ ነገር ያለው ይመስለኝ ነበር። ሁለት ዓመት በየጠዋቱ ሐይቁ ዳር ከእሳቸው ጋር ስቀመጥ፣ እሳቸውስ ያን ሁሉ ዘመን ነፍተው ምን አምሯቸው ቀረ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። የነገሩኝም በእኔ ጥፋት ሰበብ ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።