የማክሰኞው አስረጂ

የባሕር ዳር ሰዎቹ ሕግ ላይ ሲደርስ የተራራዎቹ ጠፋበት። ወደ ተራራዎቹ ሲመለስ የጫካዎቹ ነገር ከነጭራሹ ውል አልነበረውም። ዌንደሊን ኮትማን የጨዋታውን መመሪያ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አጠለቀውና እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። ጥፋቱ የመነጽሩ ይመስል።

ደግሞስ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሚጽፈው? ድሮ የጨዋታ መመሪያ አንድ ገጽ ነበር። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ካርታ ይዞ፣ በአንድ ሕግ ተጫውቶ፣ ያሸነፈው አሸንፎ ወደ ቤቱ ይገባል። የዘንድሮው ሳጥን ግን አራት ወገን ይዞ መጣ፤ አራቱም አገር ያቀናሉ፣ የአንዱ ሕግ ግን ለሌላው አይሠራም። ተራራዎቹ ድንጋይ ይፈልጣሉ። ባሕር ዳሮቹ ዓሣ ያጠምዳሉ። ጫካዎቹ የራሳቸውን ቤት አይሠሩም፣ የሰው ቤት አይተው ነው የሚያድጉት። በረሃዎቹ ምንም አይሠሩም፣ ይነግዳሉ። ዌንደሊን ይህን ሁሉ ማክሰኞ ማታ ለሦስት ሰዎች ማስረዳት አለበት።

“አንተ ሰውዬ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ” አለችው ሚስቱ ሄዳ።

“መጣሁ። የበረሃዎቹን ልጨርስ።”

“የበረሃዎቹ የትም አይሄዱም።”

“ከጭንቅላቴ ይሄዳሉ” አለ፤ ቀልድ አስመስሎ ነው የተናገረው። ሄዳ ግን አልሳቀችም።

የጀርመኗ ኤሰን ከተማ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው በጡረታው እንዲህ ዓይነት ጣጣ ቢገባ ማንም አይገረምበትም። በየጥቅምቱ ትልቁ የጠረጴዛ ጨዋታ ኤግዚቢሽን ሲከፈት ከተማው ትልልቅ ሳጥን በተሸከመ ሰው ይጥለቀለቃል። ዌንደሊን ዕድሜውን ሙሉ ትራም ሲነዳ በዚያ ሰሞን ባለሳጥኖቹን እየጫነ ያደርስ ነበር፤ በኋላ አንዱ ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ማየት አማረው፣ ከዚያ ወዲያ ተይዞ ቀረ። ድምፁ ያማረ ነበር። ፌርማታ ሲጠራ ሰው ጋዜጣውን አጥፎ ይሰማዋል። በዚያ ድምፅ የማክሰኞው ቡድን አስረጂ ሆነ።

አስረጂነት ቀልድ አይደለም። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ማንም ያልጻፈው ሕግ አለ፤ መመሪያ የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያነባል፣ እያንዳንዷን ካርታ እንዳትቆሽሽ ላስቲክ ያለብሳል፣ ማክሰኞ ቆሞ ያስረዳል። ሌላው ቢራውን ይዞ ይሰማል። መመሪያውን አስቀድሞ አንብቦ መምጣት የሰው ቤት ተጋብዞ ሄዶ ድስት ከፍቶ እንደማየት ነው፣ ነውር ነው። ጌርኖትማ፣ የልጅነት ጓደኛው፣ ጡረታ የወጣው ኤሌክትሪሺያን፣ የመድኃኒቱን ወረቀት እንኳ አንብቦ አያውቅም። የጌርኖት ሥራ ዌንደሊን ሲያስረዳ ከመሃል “የት ነው የተጻፈው?” እያለ ማድረቅ ነው። ከእሱና ከሄዳ ሌላ ሦስተኛዋ ሰሚ ዳቦ ቤት የምትሸጠው ሮስቪታ ነች። እሷ ዝም ብላ ሰምታ፣ ዝም ብላ ታሸንፋቸዋለች።

አሁን የዌንደሊንን ጉዳይ ልንገራችሁ። ባለፈው ጸደይ፣ ራሱ ሲነዳበት በኖረው መስመር ተሳፍሮ፣ አንድ ፌርማታ ላይ ወረደና ቆመ። የቆመበትን አያውቀውም። ስሙ ተለጥፏል፣ ያነበዋል፣ ስንት ዓመት ሲጠራው የኖረ ስም ነው፤ ግን ምኑም አይደለም። ትራሞቹ መጡ፣ ሄዱ። በኋላ እንደ ጉም ገለል አለለትና ወደ ቤቱ ገባ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። አባቱን ሲጀምረው እንዲሁ ነበር፤ መጨረሻ ላይ የገዛ ልጁን “ጌታው፣ ቤቴ በየት በኩል ነው?” እስኪለው ድረስ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዌንደሊን ራሱን በማክሰኞ ይመዝናል። አስረድቶ ጨዋታው ከሄደ ጭንቅላቱ ደህና ነው ማለት ነው። በጋውን ሙሉ ጨዋታው ሄዷል፣ አንድም ቅሬታ የለም። ይህ የአራት ወገን ሳጥን ግን ከሁሉም የከበደው ነው። ይህን ካስረዳ በቃ፣ የፌርማታው ነገር ድካም ነበር ብሎ ይረሳዋል። ካቃተው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። በልቡ እንዲህ ብሎ ቆረጠ።

ማክሰኞ ደረሰ። የድንች ሰላጣውና ቋሊማው ተበላ፣ ሁሉም እጁን በሳሙና ታጠበ፤ በዚህ ቤት በቅባት እጅ ካርታ የሚነካ ሰው ሁለተኛ አይጋበዝም። ዌንደሊን ተነስቶ ቆመ።

“አራት ወገን አለ” አለ። “ሁሉም የየራሱ ካርታ፣ የየራሱ ሕግ አለው። የአንዱ ለሌላው አይሠራም።”

“እንደ ሚስቴ ዘመዶች” አለ ጌርኖት።

“አታቋርጥ። አገር እናቀናለን። አንዱ ካርታ ሌላውን ያበላል። እንጨት ቆራጩ እንጨት ይሰጣል፣ እንጨቱ ወፍጮውን ያሠራል፣ ወፍጮው ሰው ይመግባል፣ የጠገበው ሰው ደግሞ ሄዶ ሌላ ቤት ይሠራል። መጀመሪያ ላይ ምንም የላችሁም። ካርታዎቹ ከተያያዙላችሁ ግን ራሱን ችሎ ይሽከረከራል።”

ጥሩ ሄደለት። እሱ ራሱ ተራራዎቹን ያዘ፣ ጌርኖት ባሕር ዳሮቹን፣ ሄዳ ጫካዎቹን፣ ሮስቪታ በረሃዎቹን። አንድ ሁለቴ ውሉ ሊጠፋበት ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለፈው። የገረመው ጌርኖት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ “የት ነው የተጻፈው?” አላለም። እንዲህ አጥርቼ ባስረዳ ነው እንጂ እሱ ዝም የሚል ሰው ነው? አለ ዌንደሊን በልቡ፤ ደስታው ፊቱ ላይ ወጣ።

መጫወት ጀመሩ። የዌንደሊን ድንጋይ ፈላጭ አንጥረኛውን ቀጠረለት፣ አንጥረኛው ሌላ ፈላጭ አመጣለት፣ ፊት ለፊቱ የድንጋይ ምልክት የሆኑት ትንንሽ ግራጫ ፍሬዎች ተቆለሉ። አቤት ደስ ሲል። በሚቀጥለው ዘመን፣ ማለትም በሚቀጥለው ዙር፣ ምሽግ ይሠራባቸዋል።

“ዘመኑ አለቀ” አለ። “ቀጣዩ ይጀመር።”

ይህን ሲል ሦስት እጅ አንድ ላይ ተንቀሳቀሰ። ሄዳ የተረፋትን እንጨት ጠርጋ መሃል ወዳለው ሳህን መለሰች። ሮስቪታ ጨርቋን መለሰች። ጌርኖት እህሉን መለሰ፤ ዓሣዎቹን ግን አልነካቸውም። ዌንደሊን ብቻ ድንጋዩን እንደ ታቀፈ ቀረ።

“ምን እያደረጋችሁ ነው?”

ያኔ ትዝ አለው፤ መመሪያው ላይ አይቶታል። ዘመን ሲያልቅ የተረፈ ሁሉ ይነሳል፣ ከባሕር ዳሮቹ ዓሣ በቀር። አይቶታል፣ ግን ተናግሮታል? ነገር ዓለሙ ዞረበት። ነግሯቸው ከሆነ መንገሩን ረስቷል። ካልነገራቸው እነሱ ከየት አወቁ? ሁለቱን አገላብጦ ቢያይ የትኛው እንደሚሻለው እንኳ አልለይ አለው።

“ይህን ነግሬያችኋለሁ?” አለ።

“እንዴታ፣ መጀመሪያ ላይ” አለ ጌርኖት።

“አይ፣ እኔ እንኳ እንዲያው ገምቼ ነው” አለች ሮስቪታ፣ ከእሱ እኩል አፏን ከፍታ። ከዚያ ሁለቱ ተያዩ።

“ገመትሽ? እሺ አንተስ፣ ዓሣው እንደማይነሳ በግምት አወቅህ?”

ጌርኖት ብርጭቆውን አነሳ። ባዶ ነበር፣ ያም ሆኖ ጠጣው።

ዌንደሊን ወደ ሚስቱ ዞረ። ሄዳ ለመዋሸት አልተፈጠረችም።

“ከሰዓት ጋደም ስትል በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ እልክላቸዋለሁ” አለች። “እኔም አነበዋለሁ።”

“መመሪያውን?”

“መመሪያውን።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከጸደይ። ከዚያ ከመርከቦቹ ጨዋታ ወዲህ።”

“መርከቦቹ ላይ ምን ሆንኩ?”

ጌርኖት ነው የመለሰለት። “ግማሹን ሁለት ጊዜ አስረዳኸን፣ ወዳጄ። ሌላውን ግማሽ አላነሳኸውም። ከዚያ አጨብጭበህ ‘ጀምሩ’ አልከን። ምን እናድርግ፣ ጀመርን።”

“ለምን አልነገራችሁኝም?”

“ምን ብለን?” አለች ሮስቪታ።

ዌንደሊን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። ንዴትም ነበረበት፣ ኀፍረትም፤ የቱ እንደሚብስ አልገባውም። እነዚህ ሰዎች እንደ ሕፃን አባብለውታል ወይስ አክብረውታል?

“እኔ እኮ ራሴን የምፈትነው በእናንተ ነበር” አለ። “በየማክሰኞው። ጨዋታው ከሄደ ደህና ነኝ እላለሁ፣ ገብቼ እተኛለሁ። ለካ መልሱን ይዛችሁ ነው የምትቀመጡት። ጸደይ ላይ ትራም ውስጥ ጠፋሁ፣ ሄዳ። በራሴ መስመር። ወርጄ የት እንዳለሁ አላወቅሁም። ፈርቻለሁ።”

ሄዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህን አታውቅም ነበር።

ዝምታ የማይሆንለት ጌርኖት ነው። “እኔስ ምን ልበል?” አለ። “የጋብቻ ውሌን ሳላነብ የፈረምኩ ሰው ነኝ። ለአንተ ብዬ በዚህ ዕድሜዬ የጫካ ሰዎች ሕግ አጠናሁ። ዓይኔ ጠፋ። አሁንም ቢሆን አልገቡኝም፣ እውነቴን ነው። የሰው ቤት እያዩ የሚያድጉት እንዴት ሆኖ ነው?”

ሮስቪታ ሳቋ አመለጣት፣ ሄዳም እያለቀሰች ሳቀች። ዌንደሊን አልሳቀም፤ ግን ትከሻው ትንሽ ወረደ። መመሪያውን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ወደ ሮስቪታ ገፋው።

“አንቺ አስረጂ። ከመጀመሪያው።”

“እኔ? ተው እንጂ። አንተው ቀጥል፣ እኛ እንሰማሃለን።”

“ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት ማስረዳት አይደለም። እዚህ የማያውቀው እኔ ነኝ” አለ። “አልገባኝም።”

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ይህን ቃል ተናግሮት አያውቅም። ከአፉ ሲወጣ እንደ ፈራው ከባድ አልነበረም።

ሮስቪታ አስረዳች። ዳቦ ስትሸጥ እንደምታደርገው ቀስ እያለች፣ ካርታውን እያሳየች፣ በየመሃሉ “እሺ?” እያለች። ዌንደሊን ቢራውን ይዞ ሰማ። የሰሚ ወንበር ይመቻል ለካ፤ ከዚህ በፊት ማን ነግሮት።

“ዘመን ሲያልቅ ዓሣው ምን ይሆናል?” አለ።

“ለባሕር ዳሮቹ ይቆይላቸዋል። የሌላው ሁሉ ይነሳል።”

“ገባኝ” አለ፣ ገብቶትም ነበር።

ካርታው እንደ አዲስ ታደለ። እንጨት ቆራጩ ቆረጠ፣ ወፍጮው ፈጨ። ሄዳ የዌንደሊንን ምሽግ አይታ የጫካ መንደሯን አሰፋች፣ ጌርኖት “ሌባ” አላት፣ እሷም “ጎረቤት በለኝ” አለችው። ዌንደሊን ድንጋዩን እየቆለለ ነበር። ቀና ሲል የጌርኖትን ዓሣዎች አያቸው፤ በሰልፍ ተደርድረዋል።

“ቆይ እስቲ” አለ። “ዘመን ሲያልቅ ዓሣው ምን ይሆናል?”

ጌርኖት ካርታዎቹን አስቀመጠ። በረጅሙም አልተነፈሰም፣ ጣሪያም አላየም፤ ያ ሁሉ ነገረኛነቱ የት እንደገባ እንጃ። “ለእኔ ይቆይልኛል፣ ጌታው” አለ። “የአንተ ድንጋይ ነው የሚነሳው።”

“ጥሩ ደንብ ነው” አለ ዌንደሊን።

ከዚያ ሄዳን አያት። አንገቷን ደፍታ፣ የተስተካከሉ ካርታዎቿን እንደገና ታስተካክል ነበር። ያን ጊዜ ይህን ጥያቄ ቀደም ብሎ መጠየቁ ገባው። ማንን እንደጠየቀ፣ ምን እንደተባለ ግን ቢፈልግ ቢፈልግ አላገኘውም።

“ሄዳ” አለ ቀስ ብሎ፣ “ነገ ለሐኪሙ ደውዪልኝ።”

“እደውላለሁ።”

“አብረሽኝ ግቢ። የሚለኝን አንቺ ስሚልኝ።”

“እሺ።”

ተራው የእሱ ነበር። ከክምሩ ላይ አንድ ካርታ አነሳና ለሦስቱም እያሳየ ምን እንደሚያደርግበት ጠየቃቸው።